38 ኪሎ የመዘነው የመንዝ በግ፦ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አንድን ኮርስ ምን አደረገው?

አሳይመንት እያረምኩ ነበር። አምስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ መልሱ 7.25 ይላል። ትክክለኛው 3.54 ነው። ስህተት ያጋጥማል ብዬ አለፍኩት። ስድስተኛውም 7.25። ስምንተኛውም፣ አሥረኛውም። እኩለ ሌሊት ሲሆን 7.25 ያለበት ወረቀት ሃያ ምናምን ደርሷል። ክፍሉ ጠቅላላ 43 ተማሪ ነው።

ጥያቄው ከባድ አይደለም። የአምስት በጎች ክብደት ተሰጥቷል፦ 22፣ 25፣ 19፣ 28 እና 26 ኪሎ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚያሳየውን ልኬት፣ ፈልጉ ይላል። 3.54 ያልኩት የሁለተኛው መልስ ነው። ወረቀቶቹ ሁሉ አናታቸው ላይ ቁጥሮቹን በትክክል ጽፈዋል። ታች ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ግን 28ቱ 38 ሆኗል። በሃያ ምናምን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አንድ በግ በአንድ ሌሊት አሥር ኪሎ ጨምሮ አድሯል።

የመንዝን በግ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። ትንሽ ነው፣ ጠጉራም ነው፣ ላቱ አጭርና ወፍራም ነው። 38 ኪሎ እንዲገባ ለበዓል ተብሎ በደንብ መቀለብ አለበት። ተማሪዎቼ ደግሞ አብዛኞቹ በግ ሲያግዱ ያደጉ ናቸው። ገበያ ላይ ቢሆን ወገቡን ጨብጠው ኪሎውን ይነግሩሃል። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን አንድም ሰው አልጠረጠረም።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም ነው፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ለቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች መግቢያ ስታቲስቲክስ ሳስተምር። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ማለት ሥራ ያለው፣ ብዙውን ጊዜም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህራን አሉ፣ የልማት ሠራተኞች አሉ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰዎች አሉ፣ ባንክ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ከመሀል ሜዳና ከሞላሌ የሚመጡት በጣርማ በር በኩል ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይገባሉ። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡት ቆላ ለብሰውት የወጡትን ስስ ሸሚዝ ደጋ ሲደርሱ በጃኬት ይደርቡበታል። ሁለት ቀን እንገናኛለን። ከዚያ አምስት ቀን ማንም ማንንም አያይም።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እኔም በእንግሊዝኛ አብራራለሁ። ጨርሼ «ኢዝ ኢት ክሊር?» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላል። «ኤኒ ኩዌሽን?» ስል ጸጥ። አንዱ ያስላል። ሌላው መስኮት ያያል። ገብቷቸዋል ብዬ ወደሚቀጥለው ገጽ እሄዳለሁ። ሳይገባቸው «የስ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚያው ነበር የምለው።

የቴሌግራም ግሩፑን የከፈተው የክፍሉ ሬፕ፣ የተማሪዎቹ ተወካይ ነው። ዓላማው ሃንድአውት መላክና «ነገ ክላስ የለም» ማለት ብቻ ነበር። ቴሌግራም ለዚህ ይመቻል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ድረስ ይቀበላል፣ የተላከው ነገር ስልክህ ቢቀየርም አይጠፋም፣ ኔትወርክ ሲደክምም ጽሑፍ ያሳልፋል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ የኢ-ለርኒንግ ገጽ ነበረው፤ ሙድል በሚባል የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሶፍትዌር የተሠራ። ሙድል መጥፎ ነገር አይደለም። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ከለቀቀው ጀምሮ ዓለም ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል። ግን ለመግባት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ሁሌም ይረሳል። ቴሌግራም ውስጥ ግን ተማሪው ድሮም አለ። ቤተሰቡ እዚያ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ እዚያ ነው፣ የዕቁቡ ግሩፕ ሳይቀር እዚያ ነው። ትምህርቱ ሰው ወዳለበት ሄደ።

ማኅበራዊ ድር የሚባለው ነገር ከዩኒቨርሲቲ ጋር ድሮም ዝምድና አለው። ፌስቡክ ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለሃርቫርድ ተማሪዎች ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ካናዳ፣ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ኮርስ ለዓለም ክፍት አደረጉት። ክፍል ውስጥ ከፍሎ የሚማረው 25 ያህል ሰው ነበር፤ በኢንተርኔት የተከተለው ግን ከ2,000 በላይ ሆነ። የሁለቱ ሰዎች ሐሳብ ዕውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በሰዎችና በነገሮች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ነው የሚል ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። የሞላሌው ጋሼ ቮይስ እስኪላክ ድረስ።

አንድ ማክሰኞ ማታ አንዲት ተማሪ ግሩፑ ላይ ጻፈች። «ሰዎች፣ ይሄ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ቀመሩን ሸምድጄዋለሁ፣ ግን ምን ማለት ነው?» አለች። በአማርኛ። ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም። ለግማሽ ሰዓት መልስ አልመጣም። ከዚያ ከሞላሌ የሚመጡት ጋሼ ቮይስ ላኩ። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ እኔም አንቱ ነው የምላቸው። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ከበስተኋላ ውሻ ይጮኻል።

«እንዴት አመሻችሁ ልጆች። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። መምህር፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። እረኛ አለ በሉ። ሜዳው መሀል ላይ ቆሟል፤ መሀል ሜዳ ስል ከተማውን አይደለም። እሱ አማካዩ ነው። በጎቹ ዙሪያውን ናቸው። አንዱ እግሩ ሥር ይግጣል፣ አንዱ ማዶ ወርዷል። ‹በጎቼ በጠቅላላው ምን ያህል ርቀውኛል?› ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ይሄ ስታንዳርድ የምትሉት ነው። ትንሽ ከሆነ በጎቹ ተሰብስበዋል፣ ዋሽንቱን ይንፋ። ትልቅ ከሆነ ተበትነዋል፣ ቀበሮ ይመጣል።»

እኔ ይህን ትምህርት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እንዲህ አድርጌ አስረድቼው ግን አላውቅም።

ወዲያው ጥያቄ መዝነብ ጀመረ። አንዱ «ታዲያ ለምን በካሬ እናባዛዋለን? ርቀቱን ዝም ብለን ብንደምረውስ?» አለ። ጋሼ አልዘገዩም። «ወደ ላይ አምስት የራቀና ወደ ታች አምስት የራቀ ሲደመር ዜሮ ይመጣል። ዜሮ መጣ ብለህ በጎቹ እግሬ ሥር ናቸው ትላለህ?» ሌላዋ ደግሞ «በጎቹ አምስት ናቸው፣ ለምን ለአራት እናካፍላለን?» ስትል እረኛው አልበቃም። እዚህ ላይ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ የባንክ ሠራተኛ ገባ። «አማካዩን ከነገርሽኝ የአራቱን በግ ልዩነት ንገሪኝ፣ አምስተኛውን እኔ እነግርሻለሁ። ድምሩ የግድ ዜሮ ስለሚሆን አምስተኛው ነፃ አይደለም» አለ። እንዲህ ሥርዝ ድልዝ የሌለው ማብራሪያ ከመጽሐፍ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ዝም ብዬ አነባለሁ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ስልኬ ቻርጅ ላይ ስለነበር ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ግን ሆን ብዬ አደረግሁት። ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። ቶሎ ስመልስ ሁሉም «እናመሰግናለን መምህር» ብሎ ይተኛል። ስዘገይ ይከራከራሉ። ከዚህ ጉዳይ ለራሴ የያዝኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ግሩፑ ውስጥ የመምህሩ ዝምታ ሥራ ይሠራል፤ ክፍል ውስጥ ግን የተማሪው ዝምታ ብቻ ነው ያለው።

ሌላው ለውጥ ቋንቋው ነው። ማንም ደንብ አላወጣም። ክፍሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ፣ ግሩፑ አማርኛ ሆነ። ጥያቄ የሚወለደው ደግሞ ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ነው። ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ቴሌግራም ያመጣልን ዋናው ነገር በአማርኛ «አልገባኝም» ማለት መቻል ነው ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ወደ በጉ ልመለስ። ያ የሚያስቀና ግሩፕ ነው 38 ኪሎውን በግ የወለደው።

አንድ ቀለሜ ተማሪ አሳይመንቱን ሐሙስ ማታ ጨርሶ ወረቀቱን ፎቶ አነሳ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፎቶው ደብዛዛ ነው። ለአንድ ጓደኛው በውስጥ መስመር ላከ። ጓደኛው ለሌላ ፎርዋርድ አደረገ። ሦስተኛው ሰው በጎ ነገር የሠራ መስሎት በስልኩ በንጹህ ተይቦ ፒዲኤፍ አደረገው። ሲተይብ 28ቱን 38 ብሎ አነበበ። ዋናው ግሩፕ ላይ ስለማያዋጣ እኔ የሌለሁበት ሌላ ግሩፕ ውስጥ ተጫነ። ለካ እንደዚያ ያለ ግሩፕም አለ። ሁልጊዜም ይኖራል፤ መምህሩ ያለበት ግሩፕ ሳሎን ነው፣ ጓዳው ሌላ ነው።

መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ለሁሉም ዜሮ ልሰጥ ነበር። ጠዋት ላይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ቅዳሜ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱ 28 ያለበት፣ ሌላው 38 ያለበት። ዞር ብዬ «ይሄን 38 ኪሎ በግ ማነው የሚሸጥልኝ? ለገና እፈልገዋለሁ» አልኩ። በአማርኛ። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የሞላሌው ጋሼ ሳቁ፣ ሁሉም ተከተለ። ፊታቸው የቀላም ነበሩ።

ያን ቀን ያሰብኩትን ትምህርት ተውኩት። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ሠራን። አማካዩ ከ24 ወደ 26 ወጣ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከ3.54 ወደ 7.25 ዘለለ፤ ከእጥፍ በላይ። በጎቹን በክብደት ደርድረን መሀል ላይ ያለውን፣ ሜዲያኑን ስናይ ግን 25 ነበር፤ አሁንም 25 ነው። ንቅንቅ አላለም። «ስለዚህ አንድ የሰባ በግ ሲገባ መሀለኛው አይዋሽም» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። መጽሐፉ በሁለት ገጽ የሚለው ያንኑ ነው።

ወረቀቶቹን መለስኩና አዲስ አሳይመንት ሰጠሁ። እያንዳንዱ ሰው አምስት የራሱን ቁጥር ከሚኖርበት ቦታ ያምጣ አልኩ። ከየት እንደመጣ በፎቶ ያሳይ። ሥራውንም ሁሉም በሚያየው ዋናው ግሩፕ ላይ ያስቀምጥ። ቁጥሩ የእያንዳንዱ ሰው ስለሆነ መኮረጅ ትርጉም አጣ፤ መረዳዳት ግን ይቻላል። አንዱ ከገበያ የአምስት ሻጭ የእንቁላል ዋጋ አመጣ። አንዷ አምስት ተማሪዎቿ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚሄዱ ጠይቃ አመጣች። የአንዱ ልጅ ጊዜ ከሌሎቹ በጣም ርቆ ነበር። «ይሄኛው ማዶ የወረደው በግ ነው» ብላ ጻፈችበት። ልጁ ለካ የእውነትም ከወንዝ ማዶ ነው የሚመጣው።

ያልሠራልኝንም ልናገር። ለግሩፕ ተሳትፎ አምስት ማርክ ሰጥቼ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ግሩፑ በ«ግሩም ማብራሪያ!»፣ በ«ተባረክ ወንድሜ» እና በስቲከር ተጥለቀለቀ። እውነተኛው ጥያቄ ሥሩ ተቀበረ። በሳምንቱ ማርኩን ሰረዝኩት፤ ጸጥታው ተመለሰ፣ ጥያቄውም ተመለሰ። ማርክ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው ለማርኩ ነው የሚያወራው።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ግሩፑ ላይ የሚጽፉት ጥቂት ናቸው። በውስጥ መስመር ግን ከወንዶቹ ይበልጥ ይጠይቁኛል። አንዷ ልጇን አስተኝታ ነው የምታጠናው፤ የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትጽፋለች። «ግሩፑ ላይ ለምን አትጠይቂም?» ስላት «ይስቁብኛል» አለች። ክፍል ውስጥ ያለው ፍርሃት ተከትሏት ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹን ስም ሳልጠራ እኔው እለጥፋቸው ጀመር። ቴሌግራም ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው ስም የማይታይበት የፈተና ዓይነት ጥያቄ አለ፤ እሱንም ተጠቀምኩ። አንድ ጊዜ «የስ» ተብሎ የታለፈን ነጥብ እንዲህ አድርጌ ብጠይቅ አብዛኛው ሰው የተሳሳተውን መርጦ አገኘሁት። ስም ሲጠፋ እውነት ይወጣል።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ማታዬ አለቀ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ይሄ ሁሉ ተማሪ እኛ ቤት ነው እንዴ የሚያድረው?» አለች። ከዚያ በኋላ ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የምመልሰው ብዬ አስታወቅሁ። አራት ተማሪዎች ደግሞ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ግሩፑን አያውቁትም። ለእነሱ ሬፑ ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱን ወሬ በቃል ይነግራቸዋል። ይህን ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም።

ከዚያ የካቲት 2 ቀን 2015 መጣ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር አቀፍ ገደብ ተጣለባቸው፤ እስከ ሐምሌ ድረስም ቆየ። ከተማ ያሉት «ቪፒኤን ጫን» ተባብለው ቀጠሉ። ገጠር ያሉት ግን ቀሩ። ቪፒኤን ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም አይያያዝም። አራት የነበሩት ግሩፑን የማያዩ ተማሪዎች ባንድ ሳምንት ውስጥ ከክፍሉ ግማሽ ሆኑ። የአንድ ኮርስ ግማሽ አካሉ እኔ በማላዝበት ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠቅልሎ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ፤ ያኔ ኮርሱ አልቆ ስለነበር የሌላ ክፍል ታሪክ ነው።

ሬፑ ብልህ ልጅ ነው። ቪፒኤኑ ሲሠራለት ገብቶ የግሩፑን ጥሩ ጥሩ ጥያቄና መልስ በስክሪንሾት አወጣ፣ ፎቶኮፒ ቤት ወስዶ አሳተመ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ስምንት ገጽ በስቴፕል ተያይዞ ታደለ። ባለ ቁልፍ ስልኮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ግሩፑን አነበቡት። አንዱ «ይሄ ሁሉ ሲወራ እኛ የት ነበርን?» አለ፤ ቀልዶ ነው፣ ግን አልሳቀም።

ቮይስ ግን አይታተምም። ገጽ ሰባት ላይ «ቮይስ፣ 3 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍና የድምፁ ሰማያዊ ሞገድ ብቻ ነው ያለው። ባለ ቁልፍ ስልኩ ሰውዬ ጣቱን እሱ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ምንድን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቾኩን ለሞላሌው ጋሼ ሰጠኋቸው።

«እኔ? እዚህ?» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ሰሌዳው መሀል አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፣ አናቱ ላይ ክብ አደረጉ። «ይሄ እረኛው ነው» አሉ። ዙሪያውን አምስት ነጥብ ጣሉ። ከዚያ በአማርኛ ሃያ ደቂቃ አስተማሩ። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲጨርሱ «ኢዝ ኢት ክሊር?» አሉ፤ እኔን ለመምሰል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሦስት እጅ ወጣ፤ ሁለቱ የሴቶች ናቸው።

ፋይናሉ የካቲት መጨረሻ ላይ ተሰጠ፣ እንደ ደንቡ በእንግሊዝኛ። ሦስተኛው ጥያቄ የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነበር። ሳርም የብዙዎቹ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተሣለ ነገር አየሁ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ አናቱ ላይ ክብ፣ ዙሪያውን ነጥቦች። አንደኛዋ ለእረኛው ዋሽንት ጨምራለታለች።